ክብ ማኅተም የሌለው መሥሪያ ቤት

አገራችን ውስጥ ማኅተም የያዘ ሰው ይፈራል። ደመወዙ ኢምንት ቢሆን፣ የጫማው ተረከዝ ቢያልቅ፣ መሳቢያው ውስጥ ያቺ ክብ ነገር እስካለች ድረስ ባለጉዳይ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረው። እሱ ምሳ ከወጣ መሥሪያ ቤቱ ምሳ ወጣ ማለት ነው። «ማኅተም ያዡ የለም» ከተባለ ዋናው ኃላፊ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው። ክቡን ማኅተም ከቲተሩ፣ ቲተሩን «ገቢ ሆኗል» ከሚለው፣ እሱን ደግሞ ከቀን ማኅተሙ ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ እለይ ነበር።

እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ ልጄን ልጠይቅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ፣ ፎጣ ፍለጋ መሳቢያ ስከፍት ማኅተም ታጭቆበት ባገኝ ምን እንደተሰማኝ ገምቱት። አንድ ሁለት አይደለም። አንድ ሚኒስቴር ከነቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ የሚያንቀሳቅስ ማኅተም ነው። መነጽሬን አድርጌ አንዱን ባየው ቢራቢሮ። ሌላው ኬክ። ሌላው ባርኔጣ የደፋች ድመት። ድመት ማኅተም ላይ እንድትወጣ የወሰነው የትኛው አዋጅ ነው? ክቡን ፈልጌ ፈልጌ በመጨረሻ አገኘሁት፤ እሱም ለሁለት የተቆረጠ ብርቱካን ሆኖ አረፈው።

«አባዬ፣ ካርድ እኮ ነው የምሠራበት» አለችኝ ልጄ እየሳቀች። «የልደት፣ የሠርግ፣ እግዚአብሔር ይማርህ የሚባልበት።»

ልጄ ነርስ ናት። ሌሊት ሠርታ ትገባና ሰው ይተኛል ስትሉ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ትሰየማለች። ያስለመዷት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እዚያ አገር ይህ ነገር የአንድ ሰው አመል እንዳይመስላችሁ፤ ለዚሁ ዕቃ ብቻ ከዳር እስከ ዳር መደርደሪያ የመደቡ ሱቆች አሉ። ወፍራም ወረቀት በየቀለሙ፣ ሪባን፣ ቁልፍ፣ የሚያብለጨልጭ ፍርፋሪ፣ ጠርዝ የሚያስጌጥ መቀስ። በዚህ ሁሉ ዋጋ የተሠራውን አንድ ካርድ ብታሰሉት ከሱቅ የሚገዛው ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። ሌሊት የሰው በሽታ ስታስታምም ያደረች ሰው ጠዋት ድመት ብታትም ሂሳብ አይጠየቅባትም።

አሠራሩን ግን ቁጭ ብዬ ተመለከትኩ፤ ሙያ ነውና። በመጀመሪያ ወረቀቱን በትንሽ የዱቄት ከረጢት ታብሰዋለች፤ ይህን ካላደረገች በኋላ የምትነሰንሰው ዱቄት ባልተፈለገበት ቦታ ሁሉ ይጣበቃል። ቀጥላ ማኅተሙን ቶሎ የማይደርቅ፣ የሚያጣብቅ ቀለም ታስነካና ወረቀቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ቀለሙ እርጥብ ሳለ የወርቅ መልክ ያለው ደቃቅ ዱቄት ትነሰንስበትና የቀረውን አራግፋ ወደ ዕቃው ትመልሰዋለች፤ አንዲት ቅንጣት አይባክንም። ከዚያ ሽጉጥ የመሰለ፣ እነሱ ሂት ጋን የሚሉትን ማሞቂያ ትደግንበታለች። ዱቄቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ቀልጦ ያብጣል፣ ያበራል። ኢምቦሲንግ የሚሉት እሱን ነው። የፀጉር ማድረቂያው እዚያው አጠገቧ ተሰክቶ ስላየሁ በሱ ለምን እንደማይሆን ጠየቅኳት። ነፋሱ ብዙ፣ ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ዱቄቱን ሳያቀልጠው ይበትነዋል አለችኝ። እንዲህ ያለ የመምሪያ ኃላፊ ነበረን።

ኢምቦሲንግ ለኛም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ዲፕሎማችን ላይ በጣት ሲነካ ጎርበጥ የሚለው ደረቅ ማኅተም የዚያው ዘር ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሠርግ ጥሪ ካርድ አለ። ካርዱ እጁ ሲገባ የሙሽሮቹን ስም ከማንበቡ በፊት የወርቁን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ የማያሽ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ጽሑፉ ከፍ ያለ ከሆነ ጮማ አለ፤ ልሙጥ ከሆነ ቤት በልቶ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ግን አኮራኝ። ቀለሙ ማኅተሙ ላይ ደረቅ ሲልባት አፏ ጋ አስጠግታ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበት። እኛ መዝገብ ቤት የቀለም በጀት ባለቀብን ቁጥር ስናደርግ የኖርነውን! አገር ሙሉ ደብዳቤ በትንፋሻችን ነው ያተምነው። አሜሪካኖቹም ያንኑ እንደሚያደርጉ ስትነግረኝ ሥልጣኔ የጋራ ሀብት መሆኑ ገባኝ።

የገና ካርድ አባቱ ማን እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ያልጠበቅኩት ዘመድ ብቅ አለ። ሄንሪ ኮል የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እንጀራው የመንግሥት መዛግብት ቤት ነበር። መዝገብ ቤት! እ.ኤ.አ. በ1843 ገና ሲደርስ መልስ የሚጠብቅ ደብዳቤ ተከመረበት። ለእያንዳንዱ ቁጭ ብሎ ከመጻፍ ጆን ሆርስሊ የተባለ ሠዓሊ ወዳጁን ሥዕል አሠራውና ወደ 1,000 ያህል አሳተመ፤ በእጅ ቀለም ተቀብቶ የተረፈው አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ሥዕሉ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጽዋ ሲያነሣ ያሳያል። ከመካከላቸው አንዲት ሕፃን ወይን እየተጎነጨች ስለነበር መጠጥ የሚቃወሙት ወገኖች ጮኹ። እኔን ያስደነቀኝ ጩኸቱ አይደለም። ይህ የሙያ ባልደረባዬ የገና ካርድን የፈጠረው ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ልጄን መጥቶ ቢያያት፣ ለአንዲት «እንኳን ተወለድሽ» ግማሽ ቀን ከዱቄትና ከእሳት ጋር ስትታገል፣ ምን ይል ይሆን? ደብዳቤ ጽፎ ይገላገል ነበር።

ካርዱ አለቀ ሲባል ደግሞ ፖስታ ቤት አለ። ልጄ ቁልፍና የሪባን አበባ የለጠፈችበትን ካርድ እያገላበጥኩ ሳደንቅ በማስመሪያ ለካችው። አሜሪካ ውስጥ ፖስታ የሚለየው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ ጌጥ አይወድም። ውፍረቱ ከሩብ ኢንች ካለፈ ደብዳቤ መሆኑ ይቀርና ሌላ ዋጋ ይጠየቅበታል። እኩል ካልሆነና ጎበጥ ጎበጥ ካለ ተጨማሪ ይከፈላል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታም ቢሆን መኪናው የትኛው ጎኑ የትኛው እንደሆነ ስለሚጠፋበት ይቀጣል። ስለዚህ ካርድ ሠሪዎቹ እንዳማረ ከሚሄደውና በርካሽ ከሚሄደው ሲመርጡ ይኖራሉ። የሠሩት እነሱ ናቸው፣ ወረቀቱን የገዙት እነሱ ናቸው፣ ቴምብሩን የሚከፍሉትም እነሱው። ተቀባዩ የሚያወጣው «ውይ!» ብቻ ነው።

እኛ በልጅነታችን ከዚህ የተሻለ አሠራር ነበረን። ጳጉሜ ሲገባ ከደብተር መሐል ወረቀት ገንጥለን ፀሐይ፣ አበባ፣ መልአክ እንሥላለን። ሥዕል የማይሆንለት ደግሞ አንድ ጥሩ መልአክ ያገኝና በካርቦን እየገለበጠ ያባዛዋል፤ ከሄንሪ ኮል በምን ያንሳል? መስከረም 1 ጠዋት ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ እኛ ወረቀታችንን ታቅፈን በየበሩ እንቆማለን። ፖስታ የለ፣ ቴምብር የለ፣ ውፍረት የሚለካ መኪና የለ። ካርዱ ተሰጠ፣ ስሙኒው እዚያው እጅ ላይ ገባ። ያ ሥርዓት ነው ወደ ውጭ መላክ የነበረበት።

ይህንን ለልጅ ልጄ ባጫውተው ዓይኑ በራ። አራተኛ ክፍል ነው፤ የእናቱን ዱቄት ለመነስነስም ፈቃድ አለው። አዲስ አበባ ላለችው ለእህቴ፣ ለእትዬ፣ የእንቁጣጣሽ ካርድ ልሥራ አለ። አደይ አበባ የሚያትም ማኅተም አልነበረም፤ ከመሳቢያው ቀረብ የሚላትን አበባ መረጥንና በቢጫ ቀለም አደይ አደረግናት። «እንቁጣጣሽ» የሚለው ግን በፊደላችን የተቀረጸ የለምና ከትልቅ ላጲስ ልንቀርጸው ተስማማን። እዚህ ላይ የመዝገብ ቤት ሰው ያስፈልጋል። ልጁ እንደሚነበበው አድርጎ ላጲሱ ላይ ሊጽፈው ነበር። ማኅተም መገልበጥ አለበት። የእንግሊዝኛው ፊደል ቢገለበጥ አብዛኛው ጠማማ መሆኑ ይታወቅበታል፤ የኛው ግን አንዳንዱ ሳይቀየም ሌላ ፊደል ይሆናል። የ«ባ» ረጅም እግር ወደ ግራ ዞረ ማለት «ቦ» ሆነች ማለት ነው። እትዬ ደግሞ የልጅ ፊደል ስህተት እንኳ ይቅር የማትል የድሮ አስተማሪ ናት። ስለዚህ ወረቀት ላይ በእርሳስ አድምቆ ጻፈው፣ ወረቀቱን ላጲሱ ላይ በግንባሩ ደፋነው፣ ጀርባውን በማንኪያ አሸነው፤ እርሳሱ ራሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ቀረ። ምላጩን እኔ ያዝኩ። ወርቁን እሱ ነሰነሰ። እናቱ ደገነች።

በፖስታ አልላክነውም። አገር ቤት ፖስታ በአብዛኛው የሚመጣው ሣጥን ቁጥር ላለው ነው፣ እትዬ ደግሞ የላትም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አገኘንና ከደም ግፊት መድኃኒቷ ጋር ሰጠነው።

እትዬ በበዓሉ ማግስት ደወለች። «ደርሶኛል፤ አሳምሮታል» አለች። ትንሽ ዝም ብላ «ውስጡን ገልጬ አየሁት፤ ሌላ ነገር አልነበረውም?» አለች። ከአሜሪካ የመጣ ፖስታ ባዶውን አይመጣም ብላ አራግፋው ኖሯል። አበባ ብቻ መሆኑን አስረዳኋት። «ማን ሠራው?» የልጅ ልጄ ነው አልኳት። «እንዲያ ነው እንጂ! ታዲያ የልጅ እንቁጣጣሽ በነጻ ይወሰዳል?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያ ሰውዬ ሲመለስ ከበርበሬው ከረጢት ጎን አራት ላይ የታጠፈች የመቶ ብር ኖት ይዞ መጣ።

ልጁ ብሯን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አያት። ስንት ዶላር እንደምትሆን እናቱን ጠየቀ፣ ነገረችው፤ የሚያስከፋ መልስ ነበር፤ እሱ ግን ቅር አላለውም። ላጲሱን ካስቀመጠበት አወጣና ወደኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ እዚያ ሰፈር ስንት ቤት አለ?» አለኝ።

ከእትዬ በር ጀምሬ ቆጠርኩለት። ባለሱቁን፣ ጡረተኛውን ሻምበል፣ ልጆቿ ካናዳ ያሉትን ሴትዮ፣ ሁሉንም በየስማቸው አስመዘገብኩት። ከጥጉ ያለውን የቆርቆሮ አጥር ግን ዝለለው አልኩት፤ እነሱ በእኛ ጊዜም ለእንቁጣጣሽ ውሻ ነበር የሚለቁት።