ጋቢን ሻይ ውስጥ የሚነክሩ ሰዎች

ድሮ አንድ ሽማግሌ ስለ ጋቢ ልናገር ቢል የሚያስፈልገው ቡናና የሚሰማው ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ፎርም ይሞላል። ርእስ፣ ከ250 ቃል ያልበለጠ ማጠቃለያ፣ የተናጋሪው የሕይወት ታሪክ በ50 ቃል፣ ተሳታፊው ምን ተምሮ እንደሚወጣ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚያስፈልግ። የሕይወት ታሪክ በ50 ቃል! እኛ አገር እኮ በ50 ቃል ሰላምታውም አያልቅ። የሰው ደኅንነት፣ የከብት ደኅንነት ተጠያይቀን አዝመራው ላይ ሳንደርስ፣ ሣጥኑ ሞላ አለኝ ኮምፒዩተሩ።

ይህን መዘዝ ያመጣችብኝ የልጄ ልጅ ናት። የቲያትር አልባሳት ታጠናለች። ሰው ማልበስ ዲግሪ የሚያሰጥ ቢሆን ኖሮ እናቴ ፕሮፌሰር ሆና ትሞት ነበር። የባለሙያዎቹ ጉባኤ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው በወጡበት አሮጌ የፋብሪካ አዳራሽ እንደሚደረግ ነገረችኝ። «አባ፣ ቲያትር ባዩ ቁጥር ይነጫነጫሉ፤ እስቲ አንድ ቀን በማይክራፎን ይነጫነጩ» አለች።

ቂርያት ጋት መቼም ለልብስ ነገር ባዕድ አይደለችም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ስሟ የወጣላት የጎልያድ አገር ጌት እዚህ ነበረች ተብሎ ነው። ኋላ አፈር የሚቆፍሩት ሊቃውንት የለም፣ ጌት ወደ ሰሜን ቴል ጻፊት ላይ ናት አሉ፤ ስሙ ግን አንዴ ወጥቷል። መጽሐፈ ሳሙኤል ጎልያድን ሲያስተዋውቀን ከጠቡ በፊት ልብሱን ነው የሚዘረዝረው። የናስ ቁር፣ 5000 ሰቅል የሚመዝን ጥሩር፣ የናስ ገምባሌ። ዳዊት ደግሞ ሳኦል ያለበሰውን ጥሩር ለብሶ መራመድ አቃተውና አወለቀው። ለተዋናይ ልኩ ያልሆነ ልብስ የሚያለብስ ሁሉ ያችን ምዕራፍ በየዓመቱ ያንብባት። ማጠቃለያዬ ውስጥ አስገብቻት ነበር፤ የልጅ ልጄ «አባ፣ ቃል በዛ» ብላ ጎልያድን ቆረጠችው። ዳዊት እንኳ በወንጭፍ ደክሞበታል።

በጉልበቴ ዘመን ይህ ቀጠና የጨርቅ ሰፈር ነበር። ፖልጋት የሱፍ ጨርቅ ይሠራ ነበር፤ ባጊር ሙሉ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኔም በአንዱ የልብስ ፋብሪካ ሱሪ ስተኩስ ወገቤ ጎብጧል። ከዚያ የመስፋት ሥራው ርካሽ እጅ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ፤ ባጊርም አዳማ ላይ የልብስ ፋብሪካ ያዘ። ጉድ እኮ ነው! እኔ ኢየሩሳሌም ብዬ ከኢትዮጵያ ስመጣ፣ ሱሪው ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ።

አሁን ከሩቅ የሚታየው የኢንቴል ሕንፃ ነው። እዚያ የሚሠራው ሌላው የልጅ ልጄ ፎቶግራፉን ላከልኝ፤ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ በነጭ፣ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ለሲግድ በዓል አስቀድሞ የለበሰ መስሎኝ ስመርቀው «አባ፣ ከፀጉሬ ብናኝ ቺፑ ላይ እንዳይወድቅ ነው» አለኝ። ለብናኝ ይህን ያህል በሚጠነቀቁበት ሰፈር ለእናቶቻችን ልብስ የሚጠነቀቅ መጥፋቱ ነው የሚያበሽቀኝ።

ያናደደኝ ይሄ ነው። በሱዳን በኩል የመጣው ሕዝባችን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 በየመጠለያው ስንት ሰው ቀብሮ እንደመጣ የሚያሳይ ቲያትር ላይ፣ ልጇን በረሃ የቀበረች እናት ታለቅሳለች። ተዋናይቱ ጎበዝ ናት፣ አንጀት ትበላለች። ቀሚሷ ላይ ግን ከደረቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የወረደ መስቀል ተጠልፏል! አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከሽሮ ሜዳ ገዝቶ ያመጣው ነው አሉ። ሽሮ ሜዳ ምን በወጣው? ጥልፉ ያማረ ነው፤ ክርስቲያን እናት ለበዓል ብትለብሰው ያከብራታል። የቤተ እስራኤል እናት ላይ፣ ያውም ስለ ሃይማኖቷ ተሰድዳ ልጅ የቀበረች እናት ላይ፣ ምን ይሠራል? ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊቶች እንባቸውን ትተው በክርን ይጎሻሸሙ ጀመር።

ነጠላዋም ሌላ ጣጣ ነው። ለሰርግ እንደምትሄድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቃዋለች። ሐዘንተኛ ነጠላ የምትለብሰው አዘቅዝቃ ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ይመጣል። ጎንደር ያደገ ሰው ያንን አለባበስ ከሩቅ ሲያይ መርዶውን ሳይነግሩት ያውቃል። ትልቅ ሰው ፊት የሚቆምም ሸማውን ያደገድጋል፣ ደረቱ ላይ ወይም ወገቡ ላይ ያስራል። ጌታው ማን፣ ሎሌው ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቃል መስማት አያስፈልግም። ያንኑ አንድ ጨርቅ ነው ሁሉም የለበሰው። የልብስ ባለሙያ ጨርቁን ገዝቶ አለባበሱን ካልጠየቀ ግማሹን ገበያ ትቶ መጥቷል።

እንግዲህ የምናገረው ይህንኑ ነበር። ርእሱን «ሸማ አለባበስ» ብዬ ጻፍኩ። የልጅ ልጄ ከመሐሉ ሁለት ነጥብ የሌለው ርእስ ጉባኤ ላይ አይከበርም ብላ ሌላ አስረዝማ ጻፈችበት፤ እስከ ዛሬ ሙሉውን በቃሌ አልያዝኩትም። ተቀበሉት።

ቀኑ ደረሰና ስምህን አንገትህ ላይ አንጠልጥል አሉኝ። አንጠለጠልኩ። ድምፅ ማጉያውን ኮትህ ላይ ቆንጥጠው አሉኝ። እኔ የለበስኩት ጋቢ ነው፤ ጋቢ እንደ ኮት ክፈፍ የለው። ቆነጠጡት፣ ወደቀ፤ ቆነጠጡት፣ ወደቀ። በመጨረሻ በመርፌ ቁልፍ አሰሩት። ሸማውን የምታሳይበት ብለው ደግሞ ራስም እጅም የሌለው የልብስ ሰፊ አሻንጉሊት አቆሙልኝ። እጅ በሌለው ነገር ላይ ነጠላ እንዴት ይጣፋል? አንዱን ጫፍ የሚይዘው እጅ ነው፣ የሚሸፈነው ራስ ነው። ስለዚህ «5 ደቂቃ ቀረዎት» የሚል ካርድ ይዞ ፊት ለፊቴ የቆመውን ጎረምሳ ና ብዬ እሱን አስደገደግኩት። ደግሞም አከናነብኩት። ካርዱን ከዚያ በኋላ አላነሣም።

ጥያቄ ይቅረብ ሲባል ነው ጉዱ የፈላው። አንዱ ሸማው እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት ይነከራል ወይ አለ። ሌላው በሁለት ትዕይንት መካከል ተዋናዩ በስንት ሰከንድ ሊቀይረው ይችላል አለ። ጋቢ ለመልበስ የሚቸኩል ሰው አላየሁም አልኩት። አንድ ልጅ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ቲያትር ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት አልነበረ! ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎቹን ኮሜዲያ፣ «ፋቡላ»ን፣ ጽፈው ሲያሳዩ አውሬ ተብሎ የተነካው መኳንንት መሆኑ ታወቀና ቲያትር ተከለከለ። እስቲ አስበው፤ የአውሬ ገጸ ባሕርይ ባለሥልጣን ያስኮርፋል። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ የሚባለው ቲያትር ሲከፈት የታየው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ያው ዳዊት፣ የጎልያዱ። የተቆረጠብኝን በዚህ በኩል አስገባሁት።

ከዚያ አንዲት ባለሙያ ተነሣች፤ ጨዋ ሴት ናት፣ በአክብሮት ነው የተናገረችው። ጋቢው በጣም ነጭ ነው አለች። የመድረክ መብራት ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፣ የተዋናዩን ፊት ያጠፋል፤ ስለዚህ ሻይ ውስጥ ይነከራል። የሰማሁ አልመሰለኝም። ደገመችልኝ። ሻይ! ዓለም በሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው አለች የልጅ ልጄ። ፕራግ ላይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የመድረክና የቲያትር ልብስ ሥራ የሚታይበት ትልቅ ዐውደ ርእይ አለ፣ እዚያ የሚሰለፉትም ሳይቀሩ ይነክራሉ ብላ አስረዳችኝ። አሮጌ እንዲመስል ሲፈልጉማ አዲሱን ልብስ በብርጭቆ ወረቀትና በአይብ መፈቅፈቂያ ይፍቁታል።

ባለቤቴ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ፣ እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ መወርወሪያ ስወረውር ከርሜ፣ አራት እጥፍ ሆኖ የተሰፋ ጋቢ ነው። ነጭ እንዲሆን ነው ይህ ሁሉ የተደከመበት። እዚህ ደግሞ ነጭ በመሆኑ ተከሰሰ። የመብራቱን ነገር አልክድም፤ እውነታቸውን ነው፣ ራሴም አይቼዋለሁ። ታዲያ መብራቱን አይቀንሱትም?

የአገሬ ልጆች፣ ሻንጣችሁ ውስጥ የእናታችሁ ነጠላ ካለ፣ ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው፣ ለሰርግ ይሁን ለሐዘን እንደተለበሰ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። የቲያትር ልብስ የሚያዘጋጅ ወጣት ቤታችሁ መጥቶ ቢጠይቅ ደስ ይበላችሁ። አሳዩት፣ ራሱን አልብሱት፣ አዘቅዝቆ መልበስንና ማደግደግን አስተምሩት፣ ፎቶግራፍም ያንሣ። ማዋስ ግን አታውሱት፤ ሻይ አፍልተው ነው የሚጠብቁት።