ሰው ያልረገጠው ደሴት

ቅዳሜና እሑድን ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው፣ ዓሣ አጥምደው የሚመለሱ ጥንዶቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ከከተማ ግርግር ሸሽተው ከተፈጥሮ ጋር ለብቻቸው ሊያድሩ የቆረጡ ጀግኖች ናቸው። ለብቻቸው ሲባል ታዲያ ስፒከሩ፣ ፓወር ባንኩ፣ የስልክ መቆሚያውና በረዶ የታጨቀው የቢራ ሣጥን ሳይቆጠሩ ነው። የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው ሊሳሳም ጣት ሲቀረው “ልጆቼ፣ ጭነት ቀንሱ” የሚል ጀልባ ነጂ ካለ ፍቅር የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ይኸው ፍቅር የማያውቅ ሰው በጠዋት እንሻገር ብሏቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ እንደሚናወጥ ያውቃላ! እነሱ ግን ሞጆ ላይ ቁርስ፣ መቂ ላይ ቡና ነበረባቸው። ላይፍ ጃኬት አይነሳባቸው፤ ብርቱካናማው ቀለም ከቀሚሷ ጋር አይሄድም፣ የእሱንም ደረት ይሸፍናል። ደግሞስ ዝዋይ ምን ጥልቀት አለው? ከአሥር ሜትር አያልፍም። ለመስጠም ከቁመት በላይ አንድ ክንድ ውሃ መብቃቱ ቪዲዮው ላይ አይታይም።

ደሴቱ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ሥራ “ሰው ያልረገጠው ደሴት ላይ ነን” ብሎ መለጠፍ ነው። ይህን የቱሉ ጉዶ ደሴት ከእነሱ በፊት የረገጡት እንግዲህ ለዘመናት በራሳቸው ቋንቋ እያወሩ፣ ተዳፋቱን በእርከን እየደለደሉ ያረሱት የዛይ ሰዎች ብቻ ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተጠለሉት እዚሁ ነው። ታቦት ያስጠጋ ደሴት አንድ ስፒከር ማስጠጋት አያቅተውም። ከበስተኋላ አንዲት እናት ብቅ ካሉ ደግሞ “ማዘር፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን” ይባላሉ። ሰው ባልረገጠው ደሴት ላይ ሰው ምን ይሠራል?

ቀጥሎ ማጥመዱ ነው። ጎረምሳው ከአዲስ አበባ በውድ ዋጋ የገዛውን፣ ትንሽ ዓሣ መስሎ የሚያብረቀርቅ ማታለያ መንጠቆው ላይ ሰክቶ ይወረውራል። የዝዋይ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው፤ የዓሣ ማታለያ ማቅረብለት ለጾመኛ ክትፎ እንደ መጋበዝ ነው። ሁለት ሰዓት ይወረወራል፣ ቆሮሶም ጾሟን አትገድፍም።

ደግነቱ ሌሊቱን በመረብ ሲታገሉ ያደሩ አጥማጅ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ጣቶቻቸው በገመድ ተሰነጣጥቀዋል፤ ከመረቡ ዓሣ እየፈቱ ታንኳቸው ወለል ላይ ይጥላሉ። የአንዷን አፍ ከፈት አድርገው አዩና መልሰው ወደ ውሃው ለቀቋት። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም የምትጠብቀው አፏ ውስጥ ነው። ጎረምሳው ግን “አይ ፋዘር! ለቪዲዮ ትሆነን ነበር እኮ!” ብሎ ተቆጨ። ከዚያም ለቢራው የተጠየቀውን ሳይከራከር የከፈለው ሰው ከአንድ ቆሮሶ ላይ ሃያ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻ ዓሣው ከአጥማጁ እጅ ወደ “አጥማጁ” እጅ ተሻገረ፤ ፎቶውም ተነሳ። “ፍቅሬ ለእራታችን ያጠመደው” ብላ የለጠፈችው እሷ ናት። የመረቡ ባለቤት ከፎቶው ተቆርጠዋል፤ ብርሃኑን ይጋርዱ ነበር።

እሑድ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ፌስታሉ፣ የውሃ ፕላስቲኩና የተቆረጠው የመንጠቆ ክር ለደሴቱ ስጦታ ይቀራሉ። አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ከሐይቁ ዳር የዓሣ አንጀት እየለቀመ ያለ ደመወዝ የሚያጸዳ ሠራተኛ ነው፤ ፕላስቲክ መፍጨት ግን ገና አልሠለጠነም። በዙሪያው ያሉት የአበባና የአትክልት እርሻዎች ውሃውን እየሳቡት ላለ ሐይቅ ይህ ስጦታ ምርቃት መሆኑ ነው።

ደሴት ላይ ማደር ደስ ይላል፤ እደሩ። ጃኬቱን ልበሱ፣ ነጂው ተነሱ ባላችሁ ሰዓት ተነሱ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ዓሣውን ከገዛችሁም “ገዛን” በሉ። ገዝቶ መብላት ነውር የለውም። ነውሩ የሌላውን ሰው ሌሊት በቅናሽ ገዝቶ የራስ ጀብዱ አድርጎ መለጠፍ ነው።