አይዳ ከሚሴ ብትመጣ

በዓለም ላይ የታወቀችው የኢትዮጵያ ልዕልት የኢትዮጵያን ምድር ረግጣ አታውቅም። አይዳ ትባላለች፤ የኦፔራ ልዕልት ናት። ዜማዋን ጣሊያናዊው ጁዜፔ ቨርዲ ደረሰው፤ የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል 150,000 ፍራንክ ከፈለበት፤ በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣች። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና ታገለግላለች፤ ከግብፁ ጦር አዛዥ ፍቅር ይይዛታል፤ አዛዡ ይዘምትና የኢትዮጵያውን ንጉሥ፣ አባቷን፣ ማርኮ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ፍቅረኞች በቁማቸው መቃብር ተዘግቶባቸው እየዘፈኑ ይሞታሉ። ኬዲቩ ድርሰቱ ሳይጥመው አልቀረም፤ በ1868 ዓ.ም. እውነተኛ ጦር ልኮ ሊደግመው ሞከረ። ጉንደትና ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሌላ መጨረሻ አዘጋጅቶ ጠበቀው።

አይዳን ያነሳሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ ወዳጄ ጋር ሙግት ስለገጠምኩ ነው። ወዳጄ ሙዚቃ ያውቃል፤ ማወቁንም ያውቃል። «ክፍለ ሀገር ጥበብ የማይኖረው አዳራሽ ስለሌለ ነው» ይላል። «የኦፔራ ቤት ሳይኖር ስለ ምን ሙዚቃ ታወራለህ?»

እኔም ወዳጄ ራሱ በየቀኑ የሚጠራውን ባቲን አነሳሁበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው አራቱ ቅኝቶች ውስጥ ሁለቱ የወሎ አገር ስም ናቸው። ባቲ የከሚሴ እህት ከተማ ናት፤ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሰኞ ሰኞ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አማራውና አርጎባው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ አላት። አዲስ አበባ የሙዚቃ ተማሪው ባቲ ማለት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ መሆኑን ተጠይቆ ፈተና ይወድቃል። ባቲ ላይ የሚጠየቀው የግመል ዋጋ ነው፤ እሱንም ያላወቀ ይወድቃል። ይህ ሁሉ የሆነው ታዲያ ያለ ኦፔራ ቤት ነው።

ወዳጄ «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። የተረታ ሰው ሁልጊዜ «እሱ ሌላ ነው» ይላል።

ከሚሴ የሄድኩት ለሠርግ ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደጋውን ወርዳችሁ ጃኬት ማውለቅ ስትጀምሩ ደርሳችኋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። እጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ይዞራል፣ የምታፈላው እትዬ ለእያንዳንዱ ሰው «ጀባ» እያለች ሲኒ ታቀብላለች። ሙግቱ ከሆዴ አልወጣልኝም ነበርና የአይዳን ታሪክ አወራሁላት። ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ አንዴ ወደ ጀበናው አንዴ ወደ እኔ እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሽማግሌ አልላከም እንዴ ሰውየው?» አለች መጀመሪያ።

«አልላከም እትዬ። ጦርነት ላይ ነበር።»

«ጦርነትማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ሽማግሌ ይላካል እንጂ። አባትየውን ከመማረኩ በፊት ቢልክ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም።» ቀጥላ «መቃብር ውስጥ ተዘግቶባቸው ዘፈኑ ነው ያልከኝ? ትንፋሹን ከየት አመጡት?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ቨርዲም ያለው አይመስለኝም።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አራት ገቢር አለው።»

«አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አራተኛውን ማን ሊጠጣው ነው?»

ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ጥያቄዋ ነው። «ተቀባዮቹስ እነማን ናቸው?» አለችኝ። ተቀባይ እንደሌለ፣ ሕዝቡ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንደሚሰማ፣ ሲያልቅ እንደሚያጨበጭብ አስረዳኋት። ሲኒውን አስቀምጣ አየችኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም? ምን ሆነው ነው፣ ተቆጥተው?»

ማታ ዳሱ ውስጥ ነገሩ ገባኝ። እንደ ተመልካች የሚመች ጥግ መርጬ፣ ክንዴን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ባንድ ወገን፣ ጎረምሶቹ በሌላ። አንዷ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ጭኗ ላይ አጋድማለች፤ በመዳፏ ሆዱን ስትመታው ይጎረንናል፣ በጣቶቿ አንገቱ አካባቢ ስትነካው ይሰላል። ከአንድ የዘይት ጀሪካን ሁለት ከበሮ አወጣች። አውራጇ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ግጥሙ ወደ አማርኛ ይሻገርና ሳይታወቅ ይመለሳል፤ ለመሻገሩ ፈቃድ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ጎረምሶቹ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ሰክተው፣ ዱላ ይዘው ይዘላሉ። አቧራው ከጭሱ ጋር ይነሳል።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ አውራጇ አየችኝ። ምን እንዳለች በሙሉ አልሰማሁም፤ ከተማ የሚለውንና የተጣጠፈ ክንድ የሚለውን ግን ሰምቻለሁ፤ ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ወንበሬ ከሥሬ ተወሰደ። ሦስተኛው ላይ መሃል ነኝ። ትከሻዬ ከኮምፒውተር ጋር የኖረ ትከሻ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። ያም ሆኖ እልል አሉልኝ፤ ያሳቃቸው ይሁን ያስደሰታቸው አልጠየቅሁም።

ወዳጄ አዳራሽ የሚለው እንግዲህ ይህን የሚያስቀር ቤት ነው። መድረክ አልጠላም። በደርግ ዘመን የደሴው ወሎ ላሊበላ ኪነት እነማሪቱ ለገሠን ባያወጣ ኖሮ እነባቲንና አምባሰልን ስንቶቻችን በሬዲዮ እንሰማቸው ነበር? ግን ይኸው የዳሱ ጭፈራ በየሆቴሉ ለእራት እንግዶች ሲቀርብ ስምንት ደቂቃ ይሆናል፤ ጨፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በአንድ ዓይነት ፈገግታ ይስቃል። ዳስ ውስጥ የሚተያዩት እርስ በርስ ነው፤ ለእኛ ብሎ የሚስቅ የለም። ከመድረኩ ይልቅ ጠባብ ቤት የሚሻለው ለዚህ ነው። ካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃም፣ ይህን ያውቅ ነበር፤ ጨፋሪውና ጠጪው ጉልበት ለጉልበት ነበሩ።

ኦፔራ ማለት ወንድና ሴት እየተቀባበሉ መዝፈን ከሆነም ቀድሞ ነበረን። ላሊበሎቹ ጎህ ሳይቀድ ባልና ሚስት ሆነው በር ላይ ይቆማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጣርተው ዜማ ውስጥ ይከቱታል፤ ካልሰጣችሁም አይሄዱም። ተመልካቹ በሌሊት ልብሱ የሚታደመው ኦፔራ ይህ ብቻ ይመስለኛል። የወሎን መንዙማ ግን ከዚህ ጋር አልቆጥርም። ድቤና ጭብጨባ፣ አውጪና ተቀባይ ቢኖረውም እሱ ዱዓ ነው፤ እነሼህ ጦልሃ ጃዕፈር የደረሱትን መዝናኛ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ወዳጄ አሁንም የኦፔራ ቤት ይሠራ ባይ ነው። ይሠራ። አይዳንም ወደ አገሯ የሚያመጣት ባለሀብት ካለ ከሚሴ ያምጣት፤ እትዬ ያለችውን ግን ይስማ። ሽማግሌ ይላክ። አራተኛው ገቢር ይቅር። ተቀባይ ይኑር፣ ወንበር አይብዛ። ቀኑንም አስቦ ይቁረጥ፤ እሁድ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ። በእነዚህ ቀናት ለልዕልት ብሎ ገበያውን የሚተው ሰው አያገኝም።