በዓት ለመዝናናት

የቀደሙት ባሕታውያን ዓለምን ንቀው፥ ዳዊትና መቋሚያ ብቻ ይዘው በዓት ይገቡ እንደ ነበር በየገድላቸው ተጽፏል፤ እኛ በጭላሎ ግርጌ ያደግን አምስት የአሰላ ወዳጆች ግን ዓለምን ከነጓዟ በሻንጣ ጠቅልለን፥ በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያን አሳሾች 15 ኪሎ ሜትር ያህል ለክተው ካርታ ያነሡለትን የባሌውን የሶፍ ዑመር ዋሻ «ልንደፍር» ተነሣን። (ምእመናን ከጥንት ጀምሮ የሚሳለሙትን ስፍራ መድፈር ማለት ምን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።)

ከሁላችን ጀግና የነበረው፥ ግንባሩ ላይ ባትሪ ያሰረው ወዳጃችን፥ ወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ለአእላፍ ዓመታት ቦርቡሮ ባቆማቸው አዕማድ መካከል ሲንጎራደድ፥ አንዲት የሌሊት ወፍ ጆሮውን ታክካው ብታልፍ «እግዚኦ!» ብሎ በጕልበቱ ተንበረከከ፤ ወዲያውም በዚያው እንዳለ ፎቶግራፍ እንድናነሣው አዘዘ።

በዚህ መካከል ነጠላ ጫማ የተጫሙ አንዲት አሮጊት፥ ባላ በትራቸውን ተመርኩዘው፥ ዋሻው የሚጠራባቸውን የሼክ ሶፍ ዑመርን ስም እየጠሩ ደረሱብን፤ የራስ ቍራችንን፥ ገመዳችንን፥ እስከ ጕልበት የደረሰ ቦቲያችንን ከላይ እስከ ታች ከመረመሩ በኋላም፥ በኦሮምኛ፥ በታላቅ ርኅራኄ፦

«ልጆቼ፥ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።

«ኔትወርክ» አለ ጀግናው።