ሰባት በር፣ አንድ ቆጣሪ

የመብራት ሒሳብ አካፋይ አድርገው የመረጡኝ መጻፍ ስለምሞክር ነው። «ማታ ማታ አምፖልህ አይጠፋም፤ ሒሳቡም አይጠፋህም» አሉኝ አከራያችን እትዬ። ምርጫ ይሁን ክስ ድምፃቸው አልለየም። ገርጂ ውስጥ እንደኛ ያለ ግቢ ሞልቷል፦ ከፊት ቪላ፣ ከኋላ አጥር ተደግፈው የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች። እኛ ዘንድ ከቪላው ጋር ሰባት በር ነው። ቆጣሪው አንድ ነው።

ከእኔ ሹመት በፊት የሚከፈለው በአምፖል ነበር። ለአንድ አምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይጨምራል። ስቶቭና ምጣድ ክልክል ነው። ካውያ በልመና። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ሰዓት የሚበላው ባለ 10 ዋት አምፖልን ከ300 ሰዓት በላይ ያበራል። ስለዚህ አምፖል ቆጥሮ መብራት ማካፈል ድሮም ቀልድ ነበር፤ ግን ሒሳቡ ትንሽ ስለነበር ማንም አልተከራከረም። ሰው በጥቂት ብር ጎረቤቱን አይቀየምም።

ነገር የተበላሸው በመስከረም 2017 ዓ.ም. አዲሱ ታሪፍ ሲጀምር ነው። የ2011ዱ ጭማሪ በየዓመቱ ነበር የሚመጣው፤ ይኸኛው በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት ይዘልቃል። ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነበር የሚወጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን ተሻገረ። ታኅሣሥ 2017 ሲያልቅ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ ሽንኩርቱም ምክንያት አላጡም።

እትዬም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ እንዳሻው ኪራይ መጨመር አይችልም። መብራት ግን ኪራይ አይደለም። ወር በደረሰ ቁጥር ሒሳቡን ይነግሩን ነበር እንጂ ደረሰኝ አያሳዩንም ነበር፤ የሚነግሩን ደግሞ ሁልጊዜ ድፍን ብር ነበር። ሳንቲም የሌለው የመብራት ሒሳብ እኛ ግቢ ብቻ ነው ያየሁት።

የኔ ሹመት አንድ ጥቅም አመጣ፤ ደረሰኙን በዓይኔ አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ታሪፉ የተሠራው ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ እንዲከፍል ነው። ከ2017 በፊት በነበረው ታሪፍ እስከ 50 የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 0.273 ብር ሲከፍል፣ ከ500 በላይ ያለው 2.48 ብር ገደማ ይከፍል ነበር። ለድሃ የታሰበ ነው፤ ክፉ ሐሳብም አይደለም። ግን ድሃ የራሱ ቆጣሪ መች አለውና! ሰባት ቤት እያንዳንዱ 50 ቢጠቀም ቆጣሪው የሚያየው 350 የሚጠቀም አንድ ሀብታም ነው። በዚያ ቆጣሪ ዓይን ሻይ እያፈላች የምትሸጠው ጎረቤቴ የማሙሽ እናት ባለ ቪላ ናት።

ይህን ለግቢው ሰው በስብሰባ አስረዳሁ። ያዳመጠኝ የለም፤ ሁሉም ሌባ ፍለጋ ላይ ነበር። ኤርፖርት የሚሠራው ልጅ ቀድሞ ተነሳ። «እኔ ሌሊት ቤቴ የለሁም። ቀን ተኝቻለሁ። መብራት የማበራው መቼ ነው?» መልስ ጠፋ። እትዬ ደግሞ «ስቶቭ የደበቀ አለ» አሉና እኔን አስከትለው በር ለበር ፍተሻ ወጡ። የማሙሽ እናት ቤት የሽሮው ሽታ ከደጅ ነው የተቀበለን። የከሰል ምድጃዋ ላይ ድመት ተኝታለች። እትዬ ድመቷን አዩ፤ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። «የከሰል ዋጋ ሰምተዋል እትዬ?» አለች የማሙሽ እናት፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ማንም አልጋ ሥር አላጎነበሰም።

በመጨረሻ ጋሼ፣ ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ መላ አመጡ፦ ሁላችንም እናጥፋ፤ አንድ በአንድ እያጠፋን ቆጣሪውን እንየው። ቆጣሪያችን የድሮው ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባት ስስ ሳህን ትዞራለች። ባትሪ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። የኤርፖርቱ ልጅ አጠፋ፤ ትዞራለች። የማሙሽ እናት አጠፋች፤ ዘገየች እንጂ ትዞራለች። ቪላው አጠፋ ተባለ፤ ትዞራለች። የቀረው የጋሼ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ጋሼ ነቀሉት። ሳህኗ ቀጥ አለች።

«ቆመ!» አለ ግቢው ባንድ ድምፅ። ሽማግሌው ሰው ነቅለው የያዙትን ሶኬት እያገላበጡ ደነገጡ። እትዬ «ጋሼ! እርስዎ?» ሲሉ እኔ ቀና ብዬ ከአጥሩ ማዶ አየሁ። የጎረቤት ፎቅ ጨልሟል። መንገዱ ጨልሟል። እስከ ጃክሮስ ድረስ አንድ መስኮት የለም። መብራት ሄዷል።

ጋሼ ለብዙ ጊዜ አልረሱትም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እትዬ ሳሎን ተሰብስበን በቴሌቪዥን ስናይ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል፣ ቦንድ የገዙት ጋሼ ከሁላችን በላይ አጨበጨቡና «ለኔ ሬዲዮ ይበቃል?» አሉ። እትዬ ወደኔ ጎንበስ ብለው «የዛሬውን ቴሌቪዥን ለጋራ ጻፈው» አሉኝ።

ለየብቻ ቆጣሪ እናውጣ ብለን ለምነናል፤ ማመልከቻው የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል፣ እትዬ ደግሞ «ቆጣሪ ያወጣ ተከራይ ነገ ቤቱ የኔ ነው ይላል» ብለው ዘጉት። ስለዚህ አዋጥተን ከመርካቶ ትንንሽ ቆጣሪዎች ገዛን፤ በየክፍላችን በር ላይ አንድ አንድ ተሰቀለ። ቪላው ላይ አልተሰቀለም። ወሩ ሲያልቅ የስድስቱን ደመርኩ፤ የትልቁን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

«የቀረው የቪላው ነው እትዬ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የቀረውማ የግቢው ነው፤ ለሰባት ይካፈል።»

«ግቢው የማን ነው?» አለ የኤርፖርቱ ልጅ።

«ለኪራይ ሲሆን የኔ፣ ለመብራት ሲሆን የጋራችን» አሉ እትዬ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ፤ የውሃ ሒሳብ ነበር። «መቼም ሒሳብ ትችላለህ፤ ይህንንም አብረህ ሥራው፣ ልጄ።»