ክብር ለተጠቃሹ አባት

አሁን አሁን በየአዳራሹ እንግዳ ተናጋሪ ሲተዋወቅ፣ ምን እንደመረመረ መናገር ቀርቷል። መድረክ መሪው ወረቀቱን ቀና አድርጎ ይይዝና «ኤች-ኢንዴክሳቸው 14፣ ጠቅላላ ሳይቴሽናቸው ከ800 በላይ» ይላል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል። ሰውየው የደከመው በስንዴ ዋግ ላይ ይሁን በወሊድ ደም መፍሰስ፣ የደረሰበት ነገር ትክክል ይሁን ስህተት የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ በኢሜይል ግርጌ ከስልክ በታች ይጻፋል፣ በፌስቡክ ከፎቶ ሥር ይለጠፋል፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይዘንብበታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያንን ጭብጨባ ሲሰማ ጥርሱን መንከስ ከጀመረ ሰንብቷል። ሆኖም ከነቀፋ በፊት ውለታን መቁጠር የጨዋ ወግ ነውና፣ የቆጠራውን ውለታ መዘርዘር ይቀድማል።

ውለታው ብዙ ነው። ቀድሞ አንድን ተመራማሪ ለመመዘን ሥራውን ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ማንበብ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ዓይን ያደክማል፤ አንዳንዴም መዛኙ ራሱ ያልገባው ነገር እንዳለ ያጋልጠዋል። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የፊዚክስ ሊቅ የሆኑት ሆርሄ ሂርሽ ዓለምን ከዚህ መከራ ገላገሉ። ቀመራቸው ቀላል ነው፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሰባት ጊዜ የተጠቀሱ ሰባት ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ ሰባት ነው። በዕድሜው አንዲት ጽሑፍ ብቻ ያሳተመ ሰውስ? ጽሑፏ ሺህ ጊዜ ብትጠቀስ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ብታድንም፣ ኤች-ኢንዴክሱ አንድ ነው። ሂርሽ በ2020 መለኪያው ክፉኛ ሊስት እንደሚችልና ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል። ግን ማን ያንብበው? ማንበብ እኮ ቀርቷል።

ከእሳቸው በፊት፣ በ1964፣ ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅስ ማውጫን ሲያወጡ የተፈለገው ተመራማሪዎች ተዛማጅ ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኙ ነበር። ማውጫው ግን ቆይቶ ወደ ሚዛን ተለወጠ።

የቆጠራው ትልቁ ውለታ ግን ለኢትዮጵያ ነው። አባቶችን አስከብሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም። የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ካስፈለገም የአያቱ። ጽሑፍ የሚላክበት የመጽሔት ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለው፤ ከሳጥኑ ጎን ቀይ ኮከብ አለች፤ ሳይሞላ አያሳልፍም። ተመራማሪው የአባቱን ስም ይሞላና ይላቀቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው በዓለም ሁሉ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የእሱ ስም አንዲት ፊደልና አንዲት ነጥብ ሆና ከኋላ ትከተላለች። በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳወቁት አክሊሉ ለማ በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ «ለማ፣ ኤ.» ናቸው። በማሽላ ምርምራቸው የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ገቢሳ ኤጄታም «ኤጄታ፣ ጂ.» ናቸው። እንዶዱን ያጠኑት አክሊሉ ናቸው፤ በየአገሩ የሚጠሩት ግን አቶ ለማ።

የአርሲ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከአሰላ የወጣውን ኃይሌን የውጭ ዘጋቢዎች «ገብረሥላሴ መራ፣ ገብረሥላሴ ቀደመ» ሲሉት ዓመታት ሰምቷል። ጥቅስ ቆጣሪዎች በሩጫው ላይ ቢሾሙ ደግሞ ሰንጠረዡ ያምር ነበር። ከበቆጂ አካባቢ የወጡት እህትማማቾች በኦሊምፒክ ያገኙት ሜዳሊያ ሲደመር ስምንት ነው፦ የጥሩነሽ ሦስት ወርቅና ሦስት ነሐስ፣ የእጅጋየሁ የ2004 ብር፣ የገንዘቤ የ2016 ብር። በማጣቀሻ ሥርዓት ስምንቱም የ«ዲባባ» ናቸው። ቀነኒሳ አራት፣ ወንድሙ ታሪኩ አንድ አምጥተዋልና «በቀለ» አምስት ይዞ ይከተላል። የደራርቱ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ ወደ «ቱሉ» ይገባል። እንግዲህ በዚህ ሰንጠረዥ መሠረት አንድም ሯጭ አልሮጠም፤ የተወዳደሩት አባቶች ናቸው። «አባት ሳለህ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይባል ነበር። አሁን ልጅ ይሮጣል፣ አባት ያጌጣል።

ሩጫው እንኳ ይቅር። በዩኒቨርሲቲው በኩል ግን አባቶች መብታቸውን መጠየቅ አለባቸው። በዲገሉና ጢጆ ወረዳ ገብስና ባቄላ የሚያመርቱ፣ አምስት ልጅ ያስተማሩ አንድ አባት በሐሳብ ይቅረቡ። አንዷ ልጃቸው ጅማ ሆና የወባ ትንኝ ታጠናለች። አንዱ ሐረማያ ላይ የአፈር አሲድነት ይለካል፣ ሌላው ጎንደር በነርሶች ድካም ላይ መጠይቅ ያስሞላል፣ አራተኛው አዲስ አበባ ስለ ባንክ ብድር ይጽፋል። ትንሿ እዚያው አሰላ የሕፃናትን መቀንጨር ትመረምራለች። አምስቱም በአንድ ስም ይጠቀሳሉ። እኚህ አባት እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ በትንኝ፣ በአፈር፣ በነርስ፣ በብድርና በሕፃን ላይ አሳትመዋል፤ እርሻውንም አላቋረጡም። የልጆቹ ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ከሆነማ ሥራው ፍጹም የአንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ሴኔቱ የመጀመሪያ አጀንዳው ሊያደርገው የሚገባው የእሳቸውን የማዕረግ እድገት ነው። ረዳትና ተባባሪ እያሉ ማጉላላት አያስፈልግም፤ በቀጥታ ሙሉ ፕሮፌሰር። ፐብሊኬሽኑ ሞልቶ ተርፏል። የማስተማር ውጤታቸው ቢጠየቅ አምስት ተቀብለው አምስቱንም አስመርቀዋል፤ እንዲህ ያለ ምጣኔ ያለው የትምህርት ክፍል ካለ እጁን ያውጣ። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚለው ሳጥን እድርና ጃርሱማ፣ ማለትም ሽምግልና፣ ይሞላል። የሳባቲካል ፈቃዳቸው አጨዳው እንዳያመልጣቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሁን። መጽሔቶች ጽሑፍ ገምግሙልን እያሉ ኢሜይል ሲልኩላቸው መልስ ባይሰጡ ማንም አይውቀሳቸው፤ ለኢሜይል አለመመለስ የታወቁ ፕሮፌሰሮች ሁሉ ጠባይ ነው። የምርምር በጀት ከተመደበላቸው ግን ግዥ ክፍሉ ለአንድ ጥማድ በሬ ሦስት ፕሮፎርማ እንዳይጠይቃቸው አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ።

ችግር የሚነሣው ሦስቱንም ስም የሚጽፍ ልጅ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የመጨረሻው ስም የአያት ስለሆነ ክብሩ አባትን ዘሎ ያልፋል። ልጁን ያስተማርኩት እኔ፣ ፕሮፌሰሩ አባቴ፣ ይህ እንዴት ይሆናል ብለው አባት ይከስሳሉ። አያትየው በጣሊያን ጊዜ የሞቱ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይረቃል፤ ከሞቱ ሰማንያ ምናምን ዓመት አልፏቸው በሞለኪውላር ባዮሎጂ በየዓመቱ ሦስት ጽሑፍ እያወጡ ነውና። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው አባባል እንዲህ በአኃዝ ተረጋግጦ አያውቅም። ደግሞስ በአያት ላይ መቆም ለምን? የአርሲ ኦሮሞ የአባት አባቱን ወደ ላይ ብዙ ትውልድ ሲቆጥር ያደገ ነው። ቅጹ ላይ ጥቂት ሳጥን ቢጨመር ክብሩ እየተሻገረ ከጎሳው አባት ይደርሳል፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ስም፣ በአንድ ኤች-ኢንዴክስ ይጠቃለላል። ያን ቀን ሃርቫርድ ይደነግጣል።

መሐመድ የሚባል አባት ያለው ሰው ከዚህ ክብር ቀድሞ ደርሷል። በአርሲ ብቻ ስንት እንደሆኑ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ቆጣሪው ማሽን ግን «መሐመድ፣ ኤ.» የሚባል፣ ከአሰላ እስከ ካይሮ እስከ ጃካርታ ያለ ዕረፍት የሚሠራ አንድ ታታሪ ሰው ያያል። አባቱ ጫላ የሆነ ደግሞ በተቃራኒው ይሰነጠቃል። ጫላ በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን በ«ሲ» እና በ«ኤች»። የልጁ ግማሽ ሥራ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይመዘገባል፤ አንድ ተመራማሪ ሁለት ደካማ ተመራማሪዎች ይሆናል። ከዚያ የእድገት ማመልከቻ ሲያስገባ ሁለቱም እሱ መሆኑን ማስረጃ አምጣ ይባላል።

እዚህ ላይ ማሾፍ ይከብዳል። ሰው ዓመታት የለፋበት ሥራ ከስሙ እየተነጠለ፣ የተረፈው ቁጥር የደሞዙና የማዕረጉ ሚዛን ይሆናል። መዛኞቹ ይህን ያውቃሉ። አንድ ጽሑፍ ከፍቶ ማንበብ ስለሚደክማቸው ብቻ እያወቁ ይቀጥላሉ። ስንፍና ነው።

ወደ ውዳሴው ለመመለስ፣ አሜሪካኖችም አንድ ጊዜ የኢትዮጵያን ሥርዓት ተከትለዋል። በ1975 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪው ጃክ ሄዘሪንግተን አንድ ጽሑፍ ብቻውን ጻፈ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እኛ» እያለ ነበር የጻፈው። ሊልክለት ያሰበው ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ለነጠላ ጸሐፊ «እኛ»ን እንደማይቀበል አንድ ባልደረባው ነገረው። ጽሑፉ በታይፕ ተመትቶ አልቋል፤ እንደገና መምታት ደግሞ ሰለቸው። ስለዚህ ድመቱን ሁለተኛ ጸሐፊ አደረገ፦ ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ለቤት ድመት የላቲን ስም የቆሙ ናቸው፤ ሦስተኛዋ ቼስተር የሚለው የድመቱ የራሱ ስም ናት። ዊላርድ ደግሞ የድመቱ አባት ነው። ጽሑፉ ወጣ፣ ሌሎችም ጠቀሱት፤ ቼስተር እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ምሁር በአባቱ ስም ተጠራ። ዊላርድ ለልጁ ትምህርት ምን ያህል እንደደከመ ባይታወቅም፣ ለፕሮፌሰርነት ከዲገሉው አባት ጋር እኩል መወዳደር ይችላል።

ሌላው ዓይነት ውለታ በአጭሩ ይለፍ። በ2010 ፈረንሳዊው ሲሪል ላቤ አይክ አንትካሬ የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፈጥሮ፣ በኮምፒውተር ያመረተለትን ትርጉም አልባ ጽሑፍ እርስ በርስ አስጠቅሶ፣ በጉግል ስኮላር ኤች-ኢንዴክሱን 94 አደረሰው። በ2024 ላሪ የተባለ ድመት በተመሳሳይ ዘዴ በሁለት ሳምንት ገደማ 11 ደረሰ፤ 11 በብዙ አዳራሽ ያስጨበጭባል። በ2015 የወጣው የሂግስ ቅንጣት ልኬት 5,154 ጸሐፊዎች አሉት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ናቸው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ለጸሐፊነት አራት መስፈርት አስቀምጠዋል፤ አምስተኛው፣ ያልተጻፈው፣ የክፍል ኃላፊ መሆን ነው። አንተ እኔን፣ እኔ አንተን እየተባለ በዙር የሚጣለው የጥቅስ እቁብም አለ፤ ዳኛው ማን እንደሆነ አይነገርም።

ከአሰላ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ እቁብ ቢገባ ኖሮ ይጠቅመው ነበር። በዚያው አካባቢ በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ሪፖርቶቹን ተራ ቁጥር እየሰጠ ከአሰላ ያወጣ ነበር፤ የስንዴና የማዳበሪያ ሙከራው እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ከቁሉምሳ በ2005 ዲገሉ፣ በ2010 ዳንዳአና ካካባ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ወጡ። በዚያው በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳ የተባለውን ስንዴ ሲያወድም ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2013 እና 2014 ደግሞ ግንድ ዋግ ዲገሉን ራሱን አርሲና ባሌ ላይ መታው፤ አዳቃዮቹ እንደገና ሌላ ዝርያ ፍለጋ ገቡ። ይህ ሥራ የሰው እንጀራና ዳቦ ነው። ገበሬው ግን ዘር ሲዘራ ማጣቀሻ አይጽፍም፣ ለጎረቤቱ አንድ ቁና ሲያበድርም «እገሌና ሌሎች፣ 2010» አይልም። ከኢተያ እስከ በቆጂ የተዘራው ሁሉ በጥቅስ ቆጠራ ዜሮ ነው።

የስሙን ጉዳይ ለማቃናት ገንዘብም ጥበብም አይጠይቅም። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አኃዝ መለያ ለማንም ተመራማሪ በነፃ ይሰጣል፤ ስሙ በስንት ዓይነት ቢጻፍ ሥራው ከእሱ አይለይም። የኢትዮጵያ ታሪክና ባህል አጥኚዎችም ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም መጥቀስ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ባሕሩ ዘውዴ እዚያ ባሕሩ ናቸው። በአገር ውስጥ የሚታተም የጤናና የሳይንስ መጽሔትም ለጸሐፊዎች በሚያወጣው መመሪያ ላይ አንድ መስመር ቢለውጥ ይበቃዋል። ብዙዎቹ አልለወጡም። አዘጋጁም፣ ጸሐፊውም፣ ገምጋሚውም ኢትዮጵያዊ ሆነው ሳለ፣ ደብዳቤው «ውድ ዶክተር» ብሎ የተቀባዩን አባት ይጠራል፤ መልሱም በክብር ለአዘጋጁ አባት ይላካል።