ወጣት ልጅን ስለመቅጣት፦ የሳሎን ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው ዕድሜው ከ18 ዓመት ያለፈ፣ ያላገባ፣ ወላጆቹ ቤት የሚያድር፣ ጢም ያበቀለ ወይም ታኮ ጫማ የምታደርግ፣ ሆኖም «ልጆቹን ጥሯቸው፣ ራት ይብሉ» ሲባል አብሮ የሚጠራውን የኅብረተሰብ ክፍል ነው። ናሙናው የተወሰደው ከአዲስ አበባ ሳሎኖች ነው። አመራረጡ ሳይንሳዊ ነው ለማለት አንደፍርም፤ አጥኚው ሳይጋበዝ ዘው ብሎ የሚገባባቸው ቤቶች እነዚህ ብቻ ስለሆኑ ነው። የተጠኚዎቹ ስም ያልተጠቀሰውም ለሥነ ምግባር ሲባል ሳይሆን እናቶቻቸውን በመፍራት ነው።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ወላጅ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጁን እስከ ምን ድረስ መቅጣት ይገባዋል?

ሕጉን ያስቀደምነው ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039 መጠነኛ የሆነ የአካል ቅጣትን ከጥፋት አይቆጥርም። ተቀጪዎቹንም በአንድ መስመር ያሰልፋቸዋል፦ ልጅ፣ በሞግዚት የሚጠበቅ፣ ተማሪ፣ አገልጋይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መጣና ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ አደረጋቸው፤ ሳሎን ተቋም ይሁን አይሁን ግን አላብራራም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አካለ መጠን ያላደረሰ የሚባለው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ሞግዚትነቱ ያበቃል፤ የመቅጣት ሥልጣኑም አብሮት ይሄዳል። ችግሩ «ሥልጣንዎ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል» የሚል ደብዳቤ ለአባት አለመድረሱ ነው። ደብዳቤ ካልደረሰው ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ አገር ያለ ደብዳቤ ወንበሩን የለቀቀ ሰው የለም።

ያው የቤተሰብ ሕግ በአንድ ነገር ከሳሎኑ ጋር ይስማማል። 18 ዓመት ሳይሞላው ያገባ ሰው በጋብቻው ምክንያት ከሞግዚት ሥልጣን ነጻ ይወጣል ይላል። እናቶች አዋጁን ሳያነቡ የወሰዱት ግን ሌላውን ግማሽ ነው፤ ያላገባ ሰው 34 ዓመት ቢሞላውም ነጻ አልወጣም።

መንፈሳዊው ምንጭም ተፈትሿል። ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ የሚያዘው የኤፌሶን ምዕራፍ 6 ቁጥር 1 በብዙ ቤት በቃል ይታወቃል። ጥቂት ወረድ ብሎ ቁጥር 4 ላይ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የሚያዝ ቃል አለ። ይህ ቁጥር በአባት አፍ ሲጠቀስ አልተሰማም። በልጅ አፍ የተጠቀሰ ዕለት ደግሞ «ጭራሽ መጽሐፍ ጠቃሽ ሆነሽ መጣሽ!» የሚል ተጨማሪ ክስ ተመሥርቷል።

ወደ ቅጣቱ ዓይነት እንለፍ። በልጅነት ዘመን ቅጣቱ ገላ ላይ ያርፋል፦ ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ አርጩሜ፣ ሲብስም በርበሬ ማጠን። (የመጨረሻው ላይ አንቀልድም።) ልጁ በቁመት አባቱን ሲያልፍ አርጩሜው ይቀራል። ይህ የሆነው በአስተሳሰብ ለውጥ ነው የሚሉ አሉ፤ አጥኚው ከቁመቱ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ባይ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ቅጣቶች እጅ የማያስፈልጋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው አሽሙር ነው። አሽሙር ለተቀጪው በቀጥታ አይነገርም። እናት ሽንኩርት እየከተፈች «አንዳንዱ ሰው እኮ ቤቱን ሆቴል አድርጎታል» ትላለች። የሚነገረው ለሽንኩርቱ ነው፤ የሚሰማው ሶፋው ላይ የተጋደመው ነው። «ምን አልሽ እማዬ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «አንተን ማን ተናገረህ? እንዲያው የነካካው ሰው ነው እንዲህ የሚለው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ይኸውም ቅጣቱ በይግባኝ ሲጸና ማለት ነው።

ሁለተኛው የደም ግፊት ነው። አጥኚው ሐኪም ስላልሆነ ስለ በሽታው አይናገርም። መለኪያው ግን ቀኑን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ይውልና ልጅቷ የጸጉር ቀለሟን ቀይራ ሳሎን ስትገባ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል። ንጽጽር የሚባለውም አለ፤ «የእነ እከሌ ልጅ ለእናቱ ፍሪጅ ገዛላት» የሚለው። በእሱ ላይ ጊዜ አናጠፋም፤ የእነ እከሌ ልጅ እንዲህ ዓይነት ልጅ አለመሆኑን እነ እከሌ ራሳቸው ሲያማርሩ ሰምተናል።

ከሁሉ የረቀቀው ኩርፊያ ነው፤ ረቡዕ ማታ አንድ ቤት ውስጥ በቅርብ ታይቷል። እናትና ልጅ አይነጋገሩም። ልጁ የ26 ዓመት ሰው ነው፤ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ከእናቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። እናት የስምንት ዓመቷን ትንሿን ልጅ ጠራች።

«ለሰውዬው ራቱ መሶብ ውስጥ ነው በይው።»

«አልራበኝም በያት።»

«አልራበኝም አለ።»

«እንደፈለገ በይው። ሽሮው ግን ከቀዘቀዘ እንደማይሆን ያውቃል በይው።»

ትንሿ ይህን ስታደርስ «እባክህ» የሚል ቃል ከራሷ ጨመረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመሶቡ ክዳን ሲነሣ ተሰማ። ከጓዳ ድምፅ መጣ፦ «ጨው አነሰው ወይ በይው!»

ከዚህ አንድ ጽኑ ግኝት ይወጣል። ኩርፊያው የቱንም ያህል ቢከር ምግብ ከቅጣት ውጭ ነው። በተጠኑት ቤቶች ሁሉ ለልጇ ሰላምታ የነፈገች እናት ተገኝታለች፤ ራት የነፈገች አልተገኘችም። ስለ ወላጅ ሥልጣን ገደብ የሚከራከሩ ሰዎች ገደቡን ፍለጋ አዋጅ ከማገላበጣቸው በፊት መሶቡን ከፍተው ቢያዩ አንድ ነገር ያገኙ ነበር።

ኩርፊያ ካልሠራ ጉዳዩ ወደ ቡና ይመራል። የቡናው ሥነ ሥርዓት እንደ ፍርድ ቤቶቻችን ሦስት ደረጃ አለው። አቦል ላይ ክሱ ጎረቤቶች በተገኙበት ይሰማል፤ ተከሳሹ ቄጠማው አጠገብ ፈንዲሻ እየቆረጠመ ነው፣ ስሙ ግን አይጠራም፣ «የዛሬ ልጆች» ተብሎ ነው የሚከሰሰው። ቶና ላይ ምስክሮች ይናገራሉ፤ አንደኛዋ ባለፈው ሐሙስ ቦሌ አካባቢ ያየችውን ታስታውሳለች። በረካ ላይ ግን ሁሉም ዘንግተውት ይመርቁታል፦ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ፣ ለእናትህ ጧሪ ያድርግህ።» ምርቃቱ ለቅጣቱ ማካካሻ ሊመስል ይችላል። ልብ ብሎ ለሰማ ግን «ጧሪ» የምትለዋ ቃል ውስጥ የወደፊት ግዴታው በጸጥታ ተመዝግቧል።

የሰዓት እላፊውም ጉዳይ አለ። በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት አንድ ነው። ለወንዱ ልጅ የምሽቱ 4 ሰዓት «ትንሽ አመሸህ» ሲሆን፣ ለእህቱ የምሽቱ 1 ሰዓት «የት አድረሽ ነው?» ነው። ይህ ልዩነት በፊዚክስ ገና አልተብራራም። አባትየው ሲጠየቅ «እሷን ስላላመንኩ ሳይሆን ሰውን ስላላመንኩ ነው» ይላል። «ሰው» የተባለው በዚያው ሰዓት ውጭ ያለው ወንድሟና ጓደኞቹ መሆናቸውን ለማስረዳት ሞክረን ነበር፤ አባትየው ዜና ከፈተ።

እላፊው የሚከበርበት መሣሪያ ቁልፍ ነው። ግቢ ባለበት ቤት መቀርቀሪያው ከውስጥ ይገፋል። ኮንዶሚኒየም ላይ የተሻለ ዘዴ አለ፤ ቁልፉን ከውስጥ ሰክቶ መተኛት። ልጁ ኪሱ ውስጥ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ደህና ነው፤ ቀዳዳው ነው የተያዘው። ስለዚህ ያንኳኳል። እናት በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ትከፍታለች። አትቆጣም። «እስቲ ሳመኝ» ብቻ ትላለች። ጉንጭ ለጉንጭ የሚደረገው ይህ ሰላምታ ከውጭ ለሚያየው ፍቅር ነው፤ ፍቅርም ነው፤ ግን ትንፋሽ ይመረመርበታል። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ከሰፈር ሱቅ ማስቲካ ገዝቶ ነው የሚመጣው። እናትም ማስቲካ ለምን እንደሚታኘክ ታውቃለች።

በዚህ ሁሉ መሐል የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የተለየ ጥናት ይሻሉ። መንግሥት ልጁን ጅማ ወይም መቀሌ ይመድበዋል። እዚያ ዶርም ውስጥ ዓመታት ይኖራል፤ በፈለገው ሰዓት ይገባል፣ በፈለገው ሰዓት ይበላል፣ የሚጠይቀው የለም። ሐምሌ ላይ ጥቁር ጋውን ለብሶ ይመረቃል፤ ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ሳሎን ይሰቀላል። በማግስቱ ዳቦ ግዛ ተብሎ ይላካል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣበት ቁጣ ሁሉ የሚሰጠው በዚያ ፎቶ ሥር ነው። ላይ ያለው ዲግሪውን ይዞ ይስቃል፤ ታች ያለው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ነው። ተረቱ «ልጅ» ሲል እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ አይገልጽም፤ የዲግሪ ደረጃም አያስቀምጥም።

ታዲያ ልጁ ለምን አይወጣም? እዚህ ላይ ነው ጥናቱ ከሥነ ምግባር ወጥቶ ኢኮኖሚ ውስጥ የሚገባው። አንዲት ሰርቪስ ክፍል ጠይቆ ከደላላ የተመለሰ ወጣት ለሁለት ሳምንት ያህል ማንም ሳይነግረው በጊዜ ይገባል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የቅድሚያ ክፍያን በሁለት ወር ገድቧል፤ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ለመጀመሪያው ወርም ሲንገዳገድ ነው የሚታየው። ስለዚህ ልጁ ተቀምጦ ኪራዩን በዓይነት ይከፍላል። በጊዜ መግባት ኪራይ ነው። እሑድ ከሰዓት አክስት ለመጠየቅ መታጀብ ኪራይ ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ የጋዝ ሲሊንደር አራተኛ ፎቅ ድረስ መሸከም ኪራይ ነው። ግልምጫውን ዝም ብሎ መቀበል ደግሞ የውሃና የመብራት ነው። ወላጁ የሚቀጣው ልጁ ልጅ ስለሆነ ሳይሆን ተከራይ ስለሆነ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ልጁም «መብቴ ነው» ብሎ የሚጮኸው የታጠበ ካልሲ አድርጎ ነው።

አጥኚው አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ ባያውቅም ይሰጣል። አሽሙሩ፣ ኩርፊያውና ቡናው ይቀጥሉ። ኩርፊያ ቢታገድ ብዙ ቤቶች የሚነጋገሩበት መንገድ ያጣሉ። እጅ ማንሣት ግን በኪራዩ ውስጥ የለም፤ በ20 ዓመት ሰው ላይ የተነሣ እጅ ቅጣት ሳይሆን ድብደባ ነው፣ የሚመታውም አባት ስለሆነ ስሙ አይቀየርም። ባል መርጦ «ሽማግሌ ተቀብያለሁ» ማለትም እንዲሁ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ እንጂ የሳሎኑን አይጠይቅም። አምሽታለች ብሎ ሴት ልጅን ከደጅ የሚመልስ ወላጅ ደግሞ ቅጣቱን ራሱ እየፈጸመ አይደለም፤ ለመንገዱ አስተላልፎ ነው የተኛው። እዚህ ላይ ቀልዱ ለጊዜው ይቆማል።

የኪራይ ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ፣ ቤቱን የሚደጉም ሰው የቅጣት ሥልጣኑንም ይዞ መገኘት አለበት። ይህን ለመፈተን አንድ ልጃቸው ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ ቤተሰብ ተመርጧል። የ23 ዓመት ልጅ ናት። የሳሎኑን ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥኑንና የታላቅ ወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ የምትልከው እሷ ናት። በስንት ሰዓት እንደምትገባ የሚጠይቃት የለም፤ አብዛኛውን ቀን ከምትሠራበት ቤት ስለማትወጣ ጥያቄው አይነሣም። አባት የቤቱን ጣሪያ ከማስቀየሩ በፊት ያማክራታል። እናትም ወንዱ ልጅ አስቸግሯት አሽሙሩም ቡናውም አልበግረው ሲሉ «ለእሷ ነው የምነግራት» ትላለች፤ ልጁም ይህን ሲሰማ ከሶፋው ይነሣል።

አርብ ማታ በኢሞ ደወለች። ልጁ የ27 ዓመት ሰው ነው፤ ከአባቱ ጋር ስለ ግለሰብ ነጻነት ከምሳ ጀምሮ ሲከራከር ውሏል። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው፤ ስልኩም እሷ የላከችው ነው።

«ሰሞኑን ስንት ሰዓት ነው የምትገባው አሉ?» አለችው ገና ሰላም ሳትለው።

«በጊዜ እኮ ነው የምገባው፤ እማዬን ጠይቂያት።»

«ውሸትህን ነው! ትናንት የት ነበርክ? እኔ እዚህ የምቃጠለው አንተ እንድትዞር ነው?»

ስልኩን ወደ እናቱ አዞረው። እናት ትናንት ሌሊት በ6 ሰዓት በር የከፈተችለት ራሷ ናት፤ ጠዋትም ለሽንኩርቱ ብዙ ተናግራለች። ነጠላዋን አስተካክላ ስክሪኑን ቀና ብላ አየችው።

«በጊዜ ነው የሚገባው» አለች። «ደግሞ ታላቅሽ ነው፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»